ኢስኮም ለሦስት ሲከፈል፦ የሠራተኛ ማኅበራቱ የፈሩትና የደረሰው

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2019 የደቡብ አፍሪካው ፕሬዝዳንት ሲሪል ራማፎሳ ለፓርላማ ዓመታዊ ንግግራቸውን አሰሙ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሠራተኛውን ያስደነገጠው የንግግሩ አንድ ክፍል ነው። ግዙፉ የመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት ኢስኮም ለሦስት ሊከፈል ነው። አንዱ ኃይል ያመነጫል። ሁለተኛው በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል። ሦስተኛው ያከፋፍላል፣ ሒሳብም ይሰበስባል።

ሦስቱም በኢስኮም ሆልዲንግስ ሥር እንደሚቆዩ ተነገረ። የሚሸጥ ነገር የለም ተባለ። ማኅበራቱ አላመኑም። ንግግሩ ከተደረገ በአራተኛው ቀን አገሪቱ ወደ ደረጃ 4 የመብራት ፈረቃ ገባች፤ ይህም ማለት 4,000 ሜጋ ዋት ከተጠቃሚው ላይ ተቆረጠ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 13 ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ የሠራተኛ ኮንፌዴሬሽን ኮሳቱ አገር አቀፍ አድማ መታ። አድማው የተጠራው የሥራ መጥፋትን ለመቃወም ነበር። የኢስኮም መከፈልም ከቁጣው ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። የኃይል መስመሩን ከማመንጫው መለየት በብዙ አገሮች የተሞከረ ለውጥ ነው። የሠራተኛ ማኅበራትም በየቦታው ይቃወሙታል። ተቃውሟቸው ብዙ ጊዜ «ሥራቸውን ፈርተው ነው» ተብሎ ይታለፋል። የኢስኮም ጉዳይ ግን ፍርሃቱን አንድ በአንድ ከደረሰው ነገር ጋር ለማስተያየት ዕድል ይሰጣል። እኔ ሳየው ማኅበራቱ በዋናው ጥያቄ ትክክል ነበሩ። የጎደላቸው ጥያቄውን ማንም ሊያልፈው በማይችል ውል ላይ ማስፈር ነው።

አንድ ሆኖ የኖረ ድርጅት

ኢስኮም የተመሠረተው በ1923 ነው። ማመንጫውም፣ ማስተላለፊያውም፣ አብዛኛው ማከፋፈያም በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሯል። ክፍፍሉ ሲታወጅ የአገሪቱን ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ገደማ የሚያመነጨው እሱ ነበር። አብዛኛው ኃይል ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ነው። ጣቢያዎቹም በብዛት ያሉት በምሥራቅ፣ ማፑማላንጋ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። የማስተላለፊያ መስመሩ ርዝመት 33 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ማኅበራቱ ስለ አንድነቱ ሲናገሩ የሚያነሱት ታሪክ አላቸው። አፓርታይድ ሲወድቅ፣ በ1994፣ መብራት የነበረው ከሦስት ቤተሰብ ለአንዱ ገደማ ብቻ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዚህን ወጪ የሸፈነው ኢስኮም ራሱ ነው። ከማዕድን ማውጫዎችና ከፋብሪካዎች ያገኘውን ገቢ ለድሃ መንደሮች ምሰሶና ቆጣሪ አዋለው። ማኅበራቱ «ድርጅቱ ለሦስት ቢከፈል ኖሮ ይህን ማን ያደርገው ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሌላም ትዝታ አለ። ይሄኛው ይመራል። መንግሥት በ1998 ባወጣው የኃይል ፖሊሲ ሰነድ ኢስኮምን የመከፋፈል ሐሳብ ነበረበት። ያው ሰነድ አዲስ ጣቢያ ካልተገነባ በ2007 ገደማ ኃይል እንደሚያልቅም አስጠንቅቆ ነበር። መንግሥት የግል ባለሀብት ይመጣል ብሎ ኢስኮምን አዲስ ማመንጫ እንዳይገነባ ከለከለው። የግል ባለሀብት አልመጣም። ክልከላው በ2004 ሲነሳ ጊዜው አልፎ ነበር። በ2007 መጨረሻ ፈረቃው ጀመረ። በጃንዋሪ 2008 ትልልቆቹ የወርቅና የፕላቲነም ማዕድን ማውጫዎች ለቀናት ሥራ አቆሙ። የወቅቱ ፕሬዝዳንት ታቦ ምቤኪ በዲሴምበር 2007 ኢስኮም ትክክል እንደነበረና የተሳሳተው መንግሥት መሆኑን በአደባባይ አምነዋል።

ማኅበራቱ በ2019 «መከፋፈል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ያስታወሱት ይህን ነው። ያኔም በ2001 ኮሳቱ ፕራይቬታይዜሽንን በመቃወም ለሁለት ቀን አገር አቀፍ አድማ መትቶ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ የጀመረው በራማፎሳ ንግግር አይደለም። የቆየ ቁስል ነው የተነካው።

መንግሥት ምን አለ?

የመንግሥትን ወገንም በቅንነት ማየት ያስፈልጋል፤ ቀላል ክርክር አይደለምና።

በ2019 ኢስኮም 420 ቢሊዮን ራንድ ገደማ ዕዳ ነበረበት። በመጋቢት 2019 በተዘጋው የበጀት ዓመት 20.7 ቢሊዮን ራንድ ከሠረ። ሜዱፒና ኩሲሌ የተባሉት ሁለት ግዙፍ የከሰል ጣቢያዎች በብዙ ዓመት ዘገዩ፣ ወጪያቸውም በእጥፍ አለፈ። በዚያ ላይ የሙስናው ዘመን ነበር። በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ከኢስኮም የከሰል ግዢ ጀምሮ ብዙ ነገር ጎልጉሎ አውጥቷል።

የመንግሥት ሐሳብ እንዲህ ነበር። ሦስቱ ሥራዎች ሒሳባቸው ተደባልቆ ስለኖረ ገንዘቡ የት እንደሚፈስ አይታይም። ይለያዩ፤ እያንዳንዱ ወጪውንና ገቢውን ያሳይ። አበዳሪም ለአንዱ ሲያበድር የሌላውን ጉድለት አይፈራ።

ሁለተኛው ምክንያት የገለልተኝነት ነው። መስመሩን የያዘ ድርጅት ማን ከኃይል ቋቱ (ከአገሪቱ የመስመር መረብ) ጋር እንደሚገናኝና የማን ኃይል መጀመሪያ እንደሚገዛ ይወስናል። ይኸው ድርጅት የራሱ ማመንጫ ካለው ለተፎካካሪው በሩን ሊዘጋ ይችላል። ይህ በደቡብ አፍሪካ በተግባር ታይቷል። ከ2011 ጀምሮ መንግሥት ለግል የፀሐይና የነፋስ ኃይል አምራቾች ጨረታ ያወጣ ነበር። ኢስኮም ግን ከ2015 ወዲህ ላሸነፉት ውል አልፈርምም ብሎ ለዓመታት አቆያቸው። የ27ቱ ፕሮጀክቶች ውል የተፈረመው በአፕሪል 2018 ነው። ስለዚህ «ዳኛውና ተጫዋቹ አንድ መሆን የለባቸውም» የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ነበራቸው።

የፈሩት

በኢስኮም ውስጥ ሦስት ማኅበራት ለደመወዝ ይደራደራሉ። የማዕድን ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር ኤንዩኤም፣ የብረታ ብረት ሠራተኞቹ ኑምሳ፣ እና ሶሊዳሪቲ። ኤንዩኤም የኮሳቱ አባል ነው። ኑምሳ በ2014 ከኮሳቱ ከተባረረ በኋላ ተቀናቃኙን ኮንፌዴሬሽን ሳፍቱን ካቋቋሙት አንዱ ነው። ኤንዩኤምና ኑምሳ በብዙ ነገር ይጣላሉ። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ነበሩ። ሁለቱም ክፍፍሉን «በጓሮ በር ወደ ግል ማዛወር» ነው አሉት።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በ1982 ኤንዩኤም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሲሪል ራማፎሳ ነበሩ። በ1987 የተካሄደውን ታላቁን የማዕድን ሠራተኞች አድማ የመሩት እሳቸው ናቸው። ከ2019 እስከ 2024 የማዕድንና የኃይል ሚኒስትር የነበሩት ግዌዴ ማንታሼም የዚያው ማኅበር ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ማኅበሩ ያፈራቸው ሰዎች ናቸው ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት። ይህ ቅሬታውን የበለጠ መራራ አደረገው። በሌላ በኩል ደግሞ በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ የረዳ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ፍርሃት ሥራ ነው። በ2018 ኢስኮም ወደ 48 ሺህ ሠራተኛ ነበረው። የዓለም ባንክ በ2016 ባወጣው ጥናት የድርጅቱ ሠራተኛ ከሚያስፈልገው በ66 በመቶ ይበልጣል ብሎ ነበር። ይህ ቁጥር በየጋዜጣው ሲደጋገም ሠራተኛው የራሱን የስንብት ደብዳቤ የሚያነብ ያህል ነው የሚሰማው። በ2018 አስተዳደሩ የደመወዝ ጭማሪ ዜሮ ነው ብሎ ነበር። ሠራተኛው ተቆጥቶ ወጣ፣ በጁን የመብራት ፈረቃ ተመለሰ፣ ጭማሪውም ተገኘ። አለመተማመኑ ግን ቀረ።

ሁለተኛው ከግል አምራቾች ጋር የተያያዘ ነው። ኑምሳ በማርች 2018 የ27ቱ ፕሮጀክቶች ውል እንዳይፈረም ከሌላ ቡድን ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ አስቸኳይ አይደለም ብሎ አልተቀበላቸውም። የማኅበሩ ክርክር ይህ ነበር፤ ውሎቹ ኢስኮም የተመረተውን ኃይል በሙሉ እንዲገዛ ያስገድዱታል፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዋጋ ውድ ነው፣ የግሉ ኃይል በገባ ቁጥር ደግሞ የከሰል ጣቢያ ይዘጋል። ማስተላለፊያው ራሱን ከቻለ ከኢስኮም ጣቢያ የመግዛት ግዴታ አይኖርበትም። ያኔ ማፑማላንጋ ምን ይሆናል?

ኑምሳ ታዳሽ ኃይልን በጅምላ የሚቃወም ማኅበር ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ታዳሽ ኃይል በማኅበረሰብና በሕዝብ ባለቤትነት ይያዝ ብሎ ለዓመታት ሲከራከር ቆይቷል። ይህ አቋሙ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያናደደው ነፋሱና ፀሐዩ ለግል ባለሀብት፣ የሚዘጋው ጣቢያ ለመንግሥት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት የዕዳው ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። አደባባይ ላይ ግን ከሁሉም ያነሰ የተወራለት እሱ ነው። ዕዳ ያለበትን የአባት ቤት ሦስት ወንድማማቾች ሲካፈሉ አስቡት። አንዱ በመንገድ ዳር ያለውንና ኪራይ የሚገባበትን ሱቅ ይወስዳል። ሌላው የሚያፈሰውን አሮጌ ቤት ይወስዳል። ዕዳውስ የማን ነው? ማስተላለፊያው የተረጋጋ ገቢ አለው፤ ኃይሉ ከየትም ይምጣ በመስመሩ ያልፋልና። ማመንጫው ግን ያረጁ ጣቢያዎችና የሁለቱ ግዙፍ ግንባታዎች ወጪ አለበት። ማከፋፈያው ደግሞ የማይከፍሉ ማዘጋጃ ቤቶች አሉበት። ጤናማው ክፍል ወጥቶ ዕዳው ከማመንጫው ጋር ከቀረ፣ ቀጣዩ ነገር «ይህ ድርጅት አክሳሪ ነው፣ ይዘጋ» ነው። ሠራተኛው የፈራው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

ድርድሩ

ኦክቶበር 2019 ላይ የመንግሥት ድርጅቶች ሚኒስትሩ ፕራቪን ጎርዳን የክፍፍሉን ፍኖተ ካርታ አወጡ። መጀመሪያ የሚለየው ማስተላለፊያው እንዲሆን ተወሰነ።

ማኅበራቱ መንገድ ላይ በመውጣት ብቻ አልተወሰኑም። በ2020 መጀመሪያ ኮሳቱ የራሱን ዕቅድ አቀረበ። የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ ጨምሮ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድረው የኢንቨስትመንት ኮርፖሬሽን ከ250 ቢሊዮን ራንድ የሚበልጠውን የኢስኮም ዕዳ ይሸከም የሚል ነው። በምላሹ ኢስኮም ወደ ግል እንዳይዛወርና ሠራተኛ እንዳይቀነስ ዋስትና ይሰጥ። የከሰልና የግል ኃይል ውሎችም እንደገና ይመርመሩ።

ዕቅዱ ከሠራተኛው ወገን ሳይቀር ተቃውሞ ገጠመው። «ጡረታችንን ለከሰረ ድርጅት?» ያሉ ማኅበራት ነበሩ። እነሱንም አልፈርድባቸውም። ቢሆንም ኮሳቱ ያደረገው ነገር ትልቅ ነው። ክርክሩን «ማን ይቀነሳል» ከሚለው ወደ «ዕዳውን ማን ይሸከማል» አዞረው። በዲሴምበር 2020 መንግሥት፣ አሠሪዎች፣ ሠራተኞችና የማኅበረሰብ ድርጅቶች በሚቀመጡበት ኔድላክ በተባለው የምክክር መድረክ ኢስኮምን ስለመደገፍ የማኅበራዊ ስምምነት ማዕቀፍ ተፈረመ።

ስምምነቱ መልካም ነበር። ግን የማኅበራዊ ስምምነት እንደ ብድር ውል አይደለም። የጣሰውን ወገን የሚያስቆም አንቀጽ የለውም። ልዩነቱ የታየው ከዓመት በኋላ ነው።

አበዳሪዎቹ ሲጠየቁ

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የማስተላለፊያ ኩባንያ በ2021 ተመዘገበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መስመሮቹ ወደ እሱ የሚዛወሩበት ውል ተፈረመ። ወረቀቱ አለቀ፤ ሥራው ግን አልተጀመረም። ኩባንያው በራሱ ስም መሥራት የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 2024 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ምን ያዘው?

ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኔርሳ ፈቃድ ማግኘት አንዱ ነበር። ትልቁ ግን የአበዳሪዎች ስምምነት ነው። ለኢስኮም ያበደሩት ለአንድ ሙሉ ድርጅት ነው። መስመሩም፣ ጣቢያውም፣ ገቢውም ለብድሩ መተማመኛቸው ነው። በብድር ውላቸው ውስጥ ትልቅ ንብረት ያለ እነሱ ፈቃድ እንዳይዛወር የሚከለክል አንቀጽ አለ። ስለዚህ ተጠየቁ። «ገንዘቤ የቆመበት ንብረት ወዴት ይሄዳል? እኔን የሚከፍለኝ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄያቸው እስኪመለስ ድረስም ተጠበቁ።

ማኅበራቱ በ2019 የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ንብረቱ ወዴት ይሄዳል? ዕዳው ማን ላይ ይቀራል? አበዳሪው ሲጠይቅ ጥንቃቄ ተባለ። ሠራተኛው ሲጠይቅ ለውጥ ጠል ተባለ። ልዩነቱ የጥያቄው ጥራት አይደለም። አንዱ የተፈረመ አንቀጽ ይዟል፤ ሌላው መግለጫ ይዟል።

የሠራተኛው መሣሪያ ደግሞ የታሰረ ነው። የኢስኮም ሥራ «አስፈላጊ አገልግሎት» ስለሚባል ሠራተኛው በሕጋዊ መንገድ አድማ ማድረግ አይችልም። ክርክሩ ወደ ግልግል ነው የሚሄደው። በጁን 2022 የደመወዝ ድርድር ሲፈርስ ሠራተኞች ከሕጉ ውጪ ሥራ አቆሙ። አገሪቱ ደረጃ 6 ፈረቃ ገባች። 7 በመቶ ጭማሪ ተሰጥቶ ተመለሱ። በዚህ መንገድ ደመወዝ ማስጨመር ይቻላል። የድርጅት አወቃቀርን ግን በዚህ መንገድ ማስለወጥ አይቻልም። መብራት የጠፋበት ሕዝብም ከጎናቸው አይቆምም።

ከፍርሃቱ የትኛው ደረሰ?

ከሥራው ልጀምር። ወደ ማስተላለፊያ ኩባንያው የተሻገሩት ሠራተኞች ሥራቸውን አላጡም። እዚህ ላይ የረዳቸው ሕግ ነው። የደቡብ አፍሪካ የሥራ ግንኙነት ሕግ አንቀጽ 197 አንድ ሥራ እንዳለ ወደ ሌላ አሠሪ ሲዛወር የቅጥር ውሎቹም አብረው እንደሚዛወሩ ይደነግጋል። የአገልግሎት ዘመን አይቆረጥም። ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በጥቅሉ ከነበረው ማነስ የለበትም። ነባር የኅብረት ስምምነትም አብሮ ይሻገራል። ይህ አንቀጽ ደቡብ አፍሪካውያን ሠራተኞች ለዓመታት ታግለው ያገኙት ጥበቃ አካል ነው። ማስተላለፊያው የሚያድግ ዘርፍ በመሆኑ ደግሞ እዚያ ያለው የመስመር ቴክኒሺያንና የቁጥጥር ክፍል ባለሙያ ተፈላጊ ነው።

የኢስኮም ሠራተኛ ቁጥር በጥቅሉ ግን ወርዷል። በ2022 ወደ 40 ሺህ ገደማ ነበር። በአራት ዓመት ወደ ስምንት ሺህ የሥራ ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ይህ የሆነው በጅምላ ስንብት አይደለም። ጡረታ የወጣው አልተተካም፤ በፈቃዱ የሚለቅም ካሳ ተሰጠው። ይሄ ከስንብት ይሻላል። ግን የለቀቁት ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ያረጀ ጣቢያ ድምፁን ሰምቶ የሚያውቅ ኦፕሬተር ሲሄድ የሚተካው ወረቀት የለም። ማኅበራቱ ይህን በተደጋጋሚ ተናግረዋል፤ ሰሚ አላገኙም።

ዋናው ጉዳት የወደቀው ሌላ ቦታ ነው። ኮማቲ በማፑማላንጋ የሚገኝ የከሰል ጣቢያ ነበር። ሥራ የጀመረው በ1961 ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 2022 የመጨረሻው ማሽን ቆመ። የዓለም ባንክ ቦታውን ወደ ፀሐይ፣ ነፋስና ባትሪ ለመቀየር 497 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። የኢስኮም ቋሚ ሠራተኞች ሥራ አልተቀማባቸውም፤ ወደ ሌሎች ጣቢያዎች የተዛወሩ አሉ። የኮንትራት ሠራተኞቹ ግን ተበተኑ። ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ ብየዳው፣ የከሰል ጭነቱ። ለእነሱ አንቀጽ 197 የለም። ጣቢያው ለሌላ አሠሪ አልተላለፈም፤ ተዘጋ። በጣቢያው ዙሪያ ያለው አነስተኛ ንግድም አብሮ ደከመ። የፕሬዝዳንቱ የአየር ንብረት ኮሚሽን ራሱ ኮማቲን መርምሮ ማኅበረሰቡ በበቂ አለመመከሩንና ዝግጅቱ መዘግየቱን ጽፏል።

እዚህ ላይ ማኅበራቱን እወቅሳለሁ። ለሦስት ዓመት ኃይላቸውን ያዋሉት መስመሩ ከኢስኮም እንዳይወጣ ነው። በመስመሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ከሁሉም የተሻለ ጥበቃ ያለው ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ የሚበተነው የኮንትራት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የማኅበር አባልም አይደለም። የማኅበር ድምፅ ከሁሉም በላይ ያስፈልገው የነበረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዕዳው። በፌብሩዋሪ 2023 የገንዘብ ሚኒስትሩ ኢኖክ ጎዶንግዋና መንግሥት 254 ቢሊዮን ራንድ የኢስኮም ዕዳ ሸክም እንደሚወስድ አስታወቁ። ኮሳቱ ከሦስት ዓመት በፊት ካቀረበው ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ገንዘቡ የመጣው ግን ከጡረታ ሳይሆን ከመንግሥት በጀት ነው። ማኅበራቱ «መጀመሪያ ዕዳውን አንሱ» ሲሉ የነበረው ቅዠት እንዳልነበር በዚህ ታየ።

ቅድመ ሁኔታው ግን የማኅበራቱ አልነበረም። በዕዳ ቅነሳው ዘመን ኢስኮም አዲስ የማመንጫ ጣቢያ በራሱ ከመገንባት ተገደበ። ገንዘቡን በዋናነት ወደ መስመሩና ወደ ነባሮቹ ጥገና እንዲያውል ተነገረው። ያንን የቀድሞውን የግንባታ ክልከላ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። የሕዝቡ ድርጅት እንዳይገነባ ታገደ፤ የግሉ ዘርፍ ያለ ገደብ እንዲገነባ ተፈቀደለት። የግል አምራች ያለ ፈቃድ መገንባት የሚችለው መጠን በ2021 ከ1 ወደ 100 ሜጋ ዋት ከፍ ብሎ ነበር። በኋላ ጣሪያው ጭራሽ ተነሳ። በዚህ ዘመን የግሉ ዘርፍ በእርግጥ መጥቷል፤ ይህ ከያኔው የተለየ ነው። የድርጅቱ የነገ ድርሻ እየጠበበ መሄዱ ግን ማኅበራቱ ከተናገሩት ጋር አንድ ነው።

ፈረቃውስ? 2023 ከሁሉም የከፋው ዓመት ነበር፤ ከ330 በሚበልጡ ቀናት መብራት በፈረቃ ሆነ። ከዚያ በማርች 2024 መጨረሻ ቆመ፣ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ቀኑን ልብ በሉ። የማስተላለፊያ ኩባንያው ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በጁላይ ነው። ፈረቃውን ያስቆመው ክፍፍሉ አልነበረም። የጣቢያዎቹ ጥገና፣ የኩሲሌ ማሽኖች መመለስ፣ የዕዳው መቃለልና ሰዎች በየጣሪያቸው የተከሉት ፀሐይ ነው። ጥገናውን የሠሩት እነዚያው «ይበዛሉ» የተባሉት ሠራተኞች ናቸው። በመጋቢት 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመት ኢስኮም 16 ቢሊዮን ራንድ አተረፈ። ለስምንት ዓመት ያላየው ትርፍ ነው።

ይህን የምለው መለየቱ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ገለልተኛ መስመር ያስፈልጋል፤ የ27ቱ ውሎች ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። ግን በ2019 ለሠራተኛው «ለሁለት ለሦስት ካልተከፈላችሁ መብራቱ አይመለስም» ተብሎ ነበር የቀረበለት። ያ አልሆነም።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ገና ነው

የማስተላለፊያ ኩባንያው የኢስኮም ሙሉ ንብረት ሆኖ ነው የተቋቋመው። በሕግ የተለየ፣ በባለቤትነት ያልተለየ ማለት ነው። ራማፎሳ በኦገስት 2024 የፈረሙትና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የኤሌክትሪክ ቁጥጥር ማሻሻያ ሕግ ግን ከዚህ ይሻገራል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከኢስኮም ውጪ የሆነ፣ የመንግሥት ንብረት የሆነ የኃይል ሥርዓት አስተዳዳሪ (በመስመሩ የሚያልፈውን ኃይል የሚመራ አካል) እንዲቋቋም ያዝዛል። ብዙ ሻጮች ያሉበት የኃይል ገበያም ይከፍታል።

በዚያ ላይ የመስመር ግንባታው አለ። ፀሐዩና ነፋሱ ያሉት በምዕራብ፣ በሰሜን ኬፕ በኩል ነው፤ የቆየው መስመር የተዘረጋው ከምሥራቁ የከሰል ምድር ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር አዲስ መስመር ያስፈልጋል ተብሎ ታቅዷል። የመንግሥት ገንዘብ ስለማይበቃ የግል ኩባንያዎች መስመር ገንብተው፣ ለዓመታት ገቢ ሰብስበው በኋላ ለመንግሥት የሚያስረክቡበት ፕሮግራም ተጀምሯል። በ2019 «መስመሩ የሕዝብ ሆኖ ይቀራል» ተብሎ ነበር። ነባሩ ቀርቷል። አዲሱ ግን በግል እጅ አልፎ ነው የሚመጣው። ማኅበራቱ ይህን አይተው «ብለን ነበር» ቢሉ መብታቸው ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ማከፋፈያው ነው። ስለ እሱ የሚያወራ ጥቂት ነው። በመጋቢት 2024 ማዘጋጃ ቤቶች ለኢስኮም ያልከፈሉት ከ70 ቢሊዮን ራንድ በልጦ ነበር። በየወሩም ያድጋል። ማከፋፈያው ራሱን ችሎ ሲቆም ይህ ቀዳዳ የሱ ብቻ ይሆናል። ከማስተላለፊያው ገቢ የሚደግፈው አይኖርም። ለድሃ ቤተሰብ በየወሩ በነጻ የሚሰጠው 50 ኪሎ ዋት ሰዓትም የሚደርሰው በዚሁ ማከፋፈያ በኩል ነው። ሒሳብ ሰብሳቢውና የቆጣሪ ሠራተኛው ወደየሰፈሩ ሲገባ ቁጣውን የሚቀበለውም እሱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ድርድር ማኅበራቱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ቢጠይቁ እላለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ንብረት ሲዛወር ዕዳው በየኩባንያው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ሰነድ ከዝውውሩ በፊት እንዲሰጣቸው። ሁለተኛ፣ ጣቢያ ሲዘጋ የኮንትራት ሠራተኛው በመዝጊያ ዕቅዱ ውስጥ በስም ተመዝግቦ፣ በቦታው በሚተካው ሥራ ቅድሚያ እንዲያገኝ። ሦስተኛ፣ የማዘጋጃ ቤቶቹ ዕዳ መፍትሔ ሳያገኝ ማከፋፈያው እንዳይለይ። እነዚህ በማኅበራዊ ስምምነት ሳይሆን በዝውውር ውሎቹና በፈቃዶቹ ውስጥ መግባት አለባቸው። ንብረቱ ከኢስኮም ሲወጣ የአበዳሪዎቹ ስምምነት እንደገና ይጠየቃል። በአንቀጽ 197 መሠረት የሠራተኛው ውል የሚሻገረው ግን እሱ ሳይጠየቅ ነው።